የክሌም እጅ ጽሑፍ

ኤፕሪል 2፣ ማክሰኞ
ዝናብ፦ የለም።

ባለቤቴ ክሌም ከተቀበረ ዛሬ ሃያ ስድስት ቀን ሆነው። የዝናብ መለኪያውን በየጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ እኔ አነባለሁ። ሃምሳ አንድ ዓመት እሱ አጥሩ ድረስ ሄዶ ያይ ነበር፤ ተመልሶ ይነግረኛል፤ እኔ በሚቲዎሮሎጂ መሥሪያ ቤቱ መዝገብ ላይ እጽፋለሁ። አሁን ሁለቱም ሥራ የእኔ ሆነ። ሌላ ሰው ፈልጉ ብዬ ደብዳቤ ሁለት ጊዜ ጀምሬ ሁለቱንም ቀደድኩ። የመለኪያውን ባዶ ብርጭቆ ለማየት በየጠዋቱ መሄድ ሞኝነት ነው። ሳይሄዱ ግን «የለም» ብሎ መጻፍ አይቻልም። አለማየትና አለመኖር የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ከሰዓት በኋላ ጃኒን ክሮስ መጣች። የከተማችን አዳራሽ ኮሚቴ ሊቀ መንበር ናት። ሃምሳ ዓመቷ ነው፤ ሦስተኛ ክፍል ሳስተምራት እንደነበረው ዛሬም ወገቧን ቀጥ አድርጋ ተቀመጠች።

«ወይዘሮ ኖስኬ፣ በአንድ ድምፅ ተወስኗል። ጁን ስምንት ቀን አዳራሹ በክሌም ስም ይሰየማል። እርስዎ ይናገራሉ። ስምንት ደቂቃ።»

«ሰማንያ ሦስት ዓመት በስምንት ደቂቃ?»

«‹የሚያውቅ ሰው ያሳጥራል› ይሉን የነበሩት እርስዎ አይደሉ እንዴ?»

ይህን ብያለሁ።

«ደግሞ መግቢያው ላይ የመስታወት ሣጥን እናቆማለን» አለች። «የክሌምን ቃለ ጉባኤዎች እናስቀምጥበታለን። አርባ አራት ዓመት ጸሐፊያችን ነበር። ያንን ቆንጆ እጅ ጽሑፍ ሕዝቡ ይየው እንጂ። የትኛው ገጽ ተከፍቶ እንደሚቀመጥ እርስዎ ይምረጡልን።»

ይህን ስትል ፈገግ አለች። ምን እንዳስፈገጋት አልገባኝም።

«መዝገቦቹን አይጥ በልቷቸዋል» አልኳት።

«ሁሉንም?»

«አብዛኞቹን።»

መዝገቦቹ ከጀርባዋ ባለው ቁም ሣጥን ውስጥ ነበሩ፣ በዓመት በዓመታቸው ተደርድረው። በሰማንያ አንድ ዓመቴ፣ በገዛ ወጥ ቤቴ፣ ላስተማርኳት ልጅ ዋሸሁ።

ኤፕሪል 5
ዝናብ፦ የለም።
ደመና ነበር። ኋላ ትቶን ሄደ። የሐዘን ካርዶቹን አስተካክዬ አስቀመጥኩ፤ ሃምሳ ሰባት ናቸው። በዘጠኙ ላይ የፊደል ስህተት አለ። ቀይ እርሳሱን አንስቼ ሦስቱን ካረምኩ በኋላ ነው ምን እያደረግኩ እንደሆነ ያስተዋልኩት።

ኤፕሪል 7፣ እሑድ
ዝናብ፦ የለም።

ልጄ ሎይስ ከአደሌድ ደወለች። የንግግሩን መጀመሪያ አነበብኩላት።

«‹ክሌመንስ ኦስካር ኖስኬ በኦገስት 1935 ከዋላንቢ በስተ ሰሜን በአሥራ አንድ ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ በሚገኘው የአባቱ እርሻ ተወለደ። በጎ ፈቃደኛ የእሳት አደጋ ሠራተኛ፣ የአዳራሹ ጸሐፊ፣ የመቃብር ቦታው ተቆጣጣሪ፣ የተማሪዎች አውቶቡስ ነጂ፣ የእግር ኳስ ቡድኑ የጎል ዳኛ ሆኖ አገልግሏል።›»

«እማዬ፣ ይሄ የሞት ምስክር ወረቀት ነው የሚመስለው።»

«አንድም ስህተት የለበትም።»

«እሱን አላልኩሽም። አባዬ የቱ ጋ ነው?»

«ባለቤቱ እሱ ነው። በእያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር።»

ስልኩ ውስጥ ረጅም ትንፋሽ ሰማሁ። ትናፍቀዋለች። እኔ ዘንድ ሁሌ ሥራ አለ።

ኤፕሪል 11
ዝናብ፦ የለም።

ይህን ደብተር የማነበው እኔ ብቻ ስለሆንኩ ነገሩን በግልጽ ላስቀምጠው። ክሌም ደህና አድርጎ መጻፍም ማንበብም አይችልም ነበር። በአሥራ ሁለት ዓመቱ ከትምህርት ቤት ወጥቶ ማረሻ ጨበጠ። ስሙን አስተካክሎ መፈረም ያስተማርኩት እኔ ነኝ። የአርባ አራቱ ዓመት ቃለ ጉባኤ በሙሉ የእኔ እጅ ነው።

እንዲህ ነበር የምንሠራው። በየወሩ ሁለተኛ ሰኞ ከስብሰባ ይመጣል፤ ኮቱን ሳያወልቅ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል። ማን ሐሳብ እንዳቀረበ፣ ማን እንደደገፈ፣ ማን እንደተቃወመና ምን ብሎ እንደተቃወመ፣ አንድ ሳያዛንፍ በተራ ይነግረኛል። እኔ እጽፋለሁ። በሚቀጥለው ስብሰባ ዋዜማ ሁለት ጊዜ አነብለታለሁ። አዳራሹ ውስጥ መዝገቡን ዘርግቶ ቆሞ በቃሉ ይለዋል። ሌላ ወረቀት ድንገት ከሰጡት «መነጽሬን ቤት ረሳሁት፤ እስቲ አንተ አንብበው» ነው መልሱ። መነጽር ኖሮት አያውቅም።

አርባ አራት ዓመት ማንም አላወቀበትም። አሁን ሣጥን ውስጥ ቢቀመጥ አንዱ አስተዋይ ፊደሉን ከፊርማው ያስተያየዋል። በስሙ አዳራሽ በተሰየመ ቀን ደንቆሮ ነበር ይባላል። ካልተቀመጠ ደግሞ እኔ ዋሾ ነኝ። ያስተማረችኝ ወይዘሪት ዝዋር ስህተትን አይቶ ያለፈ ልጅ ከተሳሳተው ልጅ እኩል በማስመሪያ ይመታ ዘንድ ታዝዝ ነበር። ጣቶቼ ይህን አይረሱም።

ኤፕሪል 16
ዝናብ፦ የለም።

ሐኪም ቤት። ዶክተር ናይር ግፊቴን ለካች፤ ከፍ ብሏል አለች። ከዚያ የክሌምን ነገር አነሳች።

«እዚህ በመጣሁ ሳምንት አዳራሹ ውስጥ ራት ነበር። ማስታወቂያው ‹ሳህን ይዛችሁ ኑ› ይላል። እኔ ሳህን ያነሳቸው መስሎኝ ባዶ ሳህን ይዤ ሄድኩ። በሩ ላይ ሁሉም ኬክና ሳንድዊች ተሸክሞ ሲገባ አየሁ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ! ክሌም ሳህኔን ከእጄ ወስዶ በጓሮ በር ገባ። በስኮን፣ በዚያ በትንንሹ ጣፋጭ ዳቦ፣ ሞልቶ መጣና ‹ዶክተሯ የጋገረችውን ቅመሱ!› ብሎ ጮኸ። እስከ ዛሬ ሰዉ ያን ስኮን አሠራሩን አሳዪን ይለኛል።»

ስኮኑ የእኔ ነበር። ለብሪስቤን እንግዶች ያስቀመጥኩት፤ ከየት እንደጠፋ ሦስት ቀን ስጠይቅ ነበር። አልነገርኳትም። ለንግግሩ ይሆናል ብዬ ያዝኩት።

ሱቁ ውስጥ ከዱቄቱ መደርደሪያ ማዶ ሁለት ሴቶች፦

«ኢልማ ንግግሩን ጨረሰች?»

«ስታርመው ጁን ያልፋል።»

«ክሌምንስ ስታርመው አልነበር ሃምሳ ስምንት ዓመት!»

ሳቁ። ዱቄቱን ሳልገዛ ወጣሁ። ምን ማለታቸው ነው? ምን ያውቃሉ?

ኤፕሪል 24
ዝናብ፦ የለም።

ፋሲካ አለፈ። ሎይስ መጥታ ሄደች። ከሄደች በኋላ ገጽ ልመርጥ መዝገቦቹን አወጣሁ። ላሳያቸው አይደለም፤ ብቻ ልመርጥ።

እጄ ኦገስት 9፣ 1971 ላይ ቆመ። ይህን ገጽ አልፌው እሄዳለሁ ብዬ ነበር።

ልጃችን ማርቲን አሥራ አንድ ቀን ኖረ። የቀበርነው በዚያን ዕለት ጠዋት ነው። መቃብሩን የቆፈረው ራሱ ክሌም ነው፤ ሌላ ሰው አካፋ እንዲያነሳ አልፈቀደም። ዝናብ ይዘንብ ነበር። ሰኞ ነበር፤ ሁለተኛው ሰኞ። ማታ ኮቱን ለበሰና ወጣ። ልጁን በቀበረበት ቀን ስብሰባ ሄደ። እኔ ወጥ ቤት ተቀምጬ ጠበቅኩት። ሲመጣ እንደ ወትሮው ተቀምጦ በተራ ነገረኝ፤ እኔም እንደ ወትሮው ጻፍኩ። «የወጥ ቤቱ ቧንቧ ይጠገን ዘንድ ክሌም ኖስኬ ሐሳብ አቀረበ፤ ኔቪል ሊበልት ደገፈ፤ ተወሰነ።» አራት ውሳኔ። ፊደሎቹ ቀጥ ያሉ ናቸው። አንዱም አልተንቀጠቀጠም።

ለዋላንቢ ጥሩ ሰው ነበር። ይህ በንግግሩ ውስጥ አለ። ለእኔ የቀረውን ያህል ነበር። ይህ ግን ንግግሩ ውስጥ አይገባም።

ሜይ 1
ዝናብ፦ የለም።
ገበሬዎቹ በደረቅ መሬት ላይ እየዘሩ ነው። አቧራው መስኮቱን ሸፈነው። ጃኒን ደወለች። አላነሳሁም። እንደገና ደወለች።

ሜይ 6
ዝናብ፦ የለም።

የእሳት አደጋው ኔቪል ሊበልት፣ ሁላችን ኔቭ የምንለው፣ በአጥሩ ላይ ተደግፎ ጠራኝ። ሰባ ሰባት ዓመቱ ነው፤ ሚስቱን የዛሬ ስድስት ዓመት ቀበረ። ከክሌም ጋር አርባ ዓመት በአንድ መኪና እሳት ሲያጠፉ ኖረዋል።

«ኢልማ፣ አሮጌውን የእሳት አደጋ መኪና ጋራዥ ሊያፈርሱት ነው። መጥተሽ ከበሩ ጀርባ ያለውን ውሰጂ።»

«ምን አለ?»

«የክሌም ነገር።»

«ቦት ጫማ ከሆነ ለሚሆነው ሰው ስጠው።»

«ቦት ጫማ አይደለም። አንቺ ነሽ መውሰድ ያለብሽ።»

«ጊዜ የለኝም። ንግግር እየጻፍኩ ነው።»

«እሺ፣ እመቤቴ» አለና ቆቡን አነሳ። ሲያሾፍብኝ ነው «እመቤቴ» የሚለኝ።

ሜይ 12፣ እሑድ
ዝናብ፦ የለም።

ስድስተኛው ረቂቅ። «ትሑት» የሚለው ቃል ሦስት ጊዜ ገብቷል፤ ሁለቱን አወጣሁ። ሦስተኛውንም አወጣሁ።

የማልናገረው ነገር አለ፤ እዚህ ግን ልጻፈውና ይውጣልኝ። በ1960 እኔ ሌላ ከተማ ሳስተምር፣ ክሌም አንድ ደብዳቤ ጻፈልኝ። አንድ ገጽ። ስለ ዝናቡ፣ ስለ ፈረሱ እግር፣ መጨረሻ ላይ ስለ እኔ። ስህተቶቹን በቀይ አረምኩና መልሼ ላክሁለት። ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። መልካም ያደረግኩ መስሎኝ ነበር፤ ለእኔ እንዲህ ነው የተደረገልኝ። ከታች «ጥሩ ጅምር ነው» ብዬ ጻፍኩበት።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ዘጠና ኪሎ ሜትር ነድቶ መጣና አግቢኝ አለኝ። ስለ ደብዳቤው አንድ ቃል አልተነፈሰም። ከዚያ ወዲህ ከፊርማው በቀር በፊቴ ምንም ጽፎ አያውቅም። የገበያ ዝርዝር እንኳ።

«ጥሩ ጅምር ነው።»

ሜይ 18
ዝናብ፦ 1.2 ሚሊ ሜትር።

ይህንን ዝናብ ማለት ያሳፍራል፤ ግን ስልኩ ከማለዳ ጀምሮ አላረፈም። «ስንት አገኛችሁ?» «እኛ ጋ ጠብታ የለም!» «ክሌም ቢሆን ‹አቧራውን አስነጠሰው› ይል ነበር!» ሁሉም ለክሌም የደወሉ ይመስላሉ።

ኔቭ ደግሞ መጣ። «ሐሙስ ነው የሚያፈርሱት።»

«ሰምቻለሁ።»

«አልሰማሽም። ነገ እወስድሻለሁ ብል ‹የአምላክ ቀን ነው› ትያለሽ። ረቡዕ ሦስት ሰዓት ከሩብ ላይ መጥቼ እወስድሻለሁ። ዝናብሽን አንብበሽ ጨርሰሽ።»

ሜይ 22፣ ረቡዕ
ዝናብ፦ የለም።

ጋራዡ ውስጥ ገብቼ አላውቅም ነበር። ሴቶች ሻይና ሳንድዊች በሩ ድረስ እናደርሳለን፤ ወንዶቹ ወጥተው ይቀበሉናል። በሩ ወደ ውስጥ ነው የሚከፈተው፤ ስለዚህ ጀርባውን አይቼው አላውቅም።

ኔቭ ገብቶ በሩን ከኋላችን ዘጋው።

የግድግዳ ካላንደሮች ናቸው። የእህል ነጋዴው ለገና የሚያድላቸው ዓይነት። በሁለት ትልልቅ ምስማር ላይ አንዱ ባንዱ ላይ ተሰክተዋል፤ ሃምሳ ሁለት፤ ከ1968 እስከዚህ ዓመት ፌብሩዋሪ። በየቀኑ አራት ማዕዘን ውስጥ በእርሳስ ተጽፏል። ዝናብ ከነበረ ቁጥር፤ በሚሊ ሜትር ሳይሆን «ነጥብ» በሚባለው በድሮው የዝናብ መለኪያ። ዝናብ ካልነበረ «ዬለም»።

ዬለም። ዬለም። ዬለም። በትላልቅ ያልተስተካከሉ ፊደሎች፣ በየቀኑ አንድ ዓይነት ስህተት፣ ሃምሳ አንድ ዓመት።

ከዝናቡ ሥር ሌላም አለ። «የክሮስ ልጅ ተወልደች፤ ጃንን አልዋት።» «አውቶቡስ ጎማ።» «ሎይስ ፈተና አልፍች።» «ኢልማ እራስዋን አማት፤ ዝም በል።» «ኢልማ ሳቀች።» ይህ በ1979 ነው። ምን አስቆኝ እንደነበር አላስታውስም።

«ይጽፍ ነበር» አልኩ። ለማን እንደተናገርኩ አላውቅም።

«በየጠዋቱ» አለ ኔቭ። «ላንቺ ከነገረሽ በኋላ እዚህ መጥቶ ይጽፋል። ሁለት መስመር ለመጻፍ የሻይ ጊዜያችንን ይጨርሳል። ምላሱን እንዲህ አውጥቶ።»

በበሩ ጀርባ። እኔ በማልገባበት ብቸኛ ቤት።

ካላንደሮቹን በፒክአፑ ጭኖ ቤት አደረሰልኝ። አልመሸም፤ ግን መጋረጃውን ዘጋሁ።

ሜይ 23
ዝናብ፦ የለም።

ከጠዋት ጀምሮ አንብቤ 1971 ላይ ደረስኩ። ኦገስት 9።

«31። ልጁ ዬለም። ስብሰባ ዬለም።»

መዝገቡን አምጥቼ ጎን ለጎን ዘረጋሁት። በመዝገቡ ላይ አሥራ አንድ ሰዎች ተገኝተዋል፤ ሁለት ይቅርታ ጠይቀዋል፤ አራት ውሳኔ ተወስኗል። በእኔ እጅ። በካላንደሩ ላይ ስብሰባ የለም።

ከሁለቱ አንዱ ተሳስቷል። ክሌም በፊደል እንጂ በቀን ተሳስቶ አያውቅም።

ሜይ 24
ዝናብ፦ የለም።

ኔቭ ቤት በእግሬ ሄድኩ። ሁለቱንም ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ።

«እዚህ ላይ ‹ኔቪል ሊበልት ደገፈ› ይላል። ቧንቧው ይጠገን የሚለውን። ደግፈሃል?»

አየው። ወንበሩ ላይ ቁጭ አለ።

«ቧንቧውን ከዚያ በፊት በጁላይ ራሴ ጠግኜዋለሁ» አለ።

«እና?»

«ሰርዘነው ነበር፣ ኢልማ። ልጅ ተቀብሮ ማን ስብሰባ ይቀመጣል? ክሌም ግን መጣ። ቁልፉ እሱ ዘንድ ነው። መብራት ሳያበራ ገብቶ ተቀመጠ። እኔ መኪናውን አይቼ ገባሁና አጠገቡ ተቀመጥኩ። ብዙ ቆየን። መጨረሻ ላይ ‹ቤት ገብቼ ምን እላታለሁ?› አለኝ። እኔ ምን አውቃለሁ? ሃያ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ ሚስት እንኳ አላገባሁም። ‹ሁልጊዜ የምትላትን በላት› አልኩት።»

መዝገቡን ዘጋሁት። እሱ ግን ቀጠለ።

«በሚቀጥለው ወር ተነሥቶ አነበበው። መዝገቡን ገልብጦ ነበር የያዘው፤ ከጭንቀቱ የተነሣ። ሰው ሁሉ አቀርቅሮ ይሰማል። ሊቀ መንበሩ ‹ይህ ያለፈው ስብሰባ ትክክለኛ ቃለ ጉባኤ መሆኑን የምትደግፉ› አለ። አሥራ አንድ እጅ ወጣ። አንድም ሰው አልቀረም። ቧንቧውን የጠገንኩት እኔ ራሴ አወጣሁ።»

«አርባ ስምንት ዓመት ለምን አልነገርከኝም?»

«ታርሚዋለሽ ብዬ ፈራኋ!»

ሳቅሁ። ከዚያ ሌላ ነገር ሆነ፤ ኔቭ መሐረቡን ሰጠኝ። ንጹሕ አልነበረም።

ስወጣ በሩ ላይ «የደብዳቤውን ነገር ታውቃለህ?» አልኩት።

«ማን የማያውቅ አለ? በየገናው የእሳት አደጋ ራት ላይ ያወራዋል። ‹ሃያ ስህተት አገኘችብኝና እንዲያም ሆኖ አገባችኝ!› ቁጥሩ በየዓመቱ ይጨምራል። ባለፈው ገና አርባ ደርሶ ነበር።»

«አሥራ አራት ነበሩ» አልኩ።

«አውቃለሁ» አለ። «ደብዳቤውን አይቼዋለሁ። በአሮጌው የእሳት አደጋ መኪና መሳቢያ ውስጥ ነበር የሚያስቀምጠው። መኪናውን ሲሸጡት አብሮ ሄደ። ሳምንቱን ሙሉ አኩርፎ ነበር።»

እና ይስቅበት ነበር። እና በፊቴ አልጻፈም። ሁለቱም እውነት ናቸው፤ አንዱ ሌላውን አይሰርዘውም። ስመለስ መንገዱን ሁሉ ይህን ሳስተካክል ነበር፤ አልተስተካከለም።

ሜይ 30
ዝናብ፦ የለም።

ጃኒን መጣች። ቁም ሣጥኑን ከፍቼ መዝገቦቹን አሳየኋት።

«አይጥ አልበላቸውም። ዋሽቻለሁ።»

«አውቃለሁ፣ ወይዘሮ ኖስኬ። እርስዎ ቤት አይጥ? አይደፍርም።»

«የሚቀጥለውን ደግሞ ስሚ። ይህ እጅ ጽሑፍ የክሌም አይደለም።»

ጃኒን ከቦርሳዋ እስክሪብቶ አውጥታ ጋዜጣው ጠርዝ ላይ ስሟን ጻፈችና ወደ እኔ አዞረችው። የመጀመሪያው ፊደል እግሩ ጎበጥ ያለ፤ የመጨረሻው ጅራቱ ወደ ላይ የተመለሰ። የእኔ ፊደል።

«ሦስተኛ ክፍል፣ ከጥቁር ሰሌዳው ላይ» አለች። «ኮሚቴው ውስጥ ካሉት ዘጠኝ ሰዎች ሰባቱ በዚህ ፊደል ነው የሚጽፉት። ማን የማያውቀው መስሎዎት ነው?»

ሠላሳ አንድ ዓመት ልጆቻቸውን በዚህ እጅ ጽሑፍ ሳስተምር ኖሬ፣ በዚሁ እጅ ጽሑፍ ምስጢር ስጠብቅ ኖርኩ። ተማሪ ቢሆን ይህን የሚያደርገው ዜሮ እሰጠው ነበር።

«ታዲያ ‹የክሌም ቆንጆ እጅ ጽሑፍ› ያልሽኝ?»

«እርስዎም በሣጥኑ ውስጥ እንዲገቡ ነዋ!» አለችና ፊቷ ቀላ። «በሌላ መንገድ ብጠይቅዎ እንቢ ይሉኝ ነበር።»

የኦገስት 9፣ 1971ን ገጽ መርጫለሁ አልኳት። ከአጠገቡ የካላንደሩ ቅጠል እንዲቀመጥ ጠየቅኳት። ሁለቱን አነበበች፤ ሁለት ጊዜ።

«ሰው ግራ አይጋባም?»

«የሚያውቁት ያውቃሉ። የማያውቁት ይጠይቁ።»

ጁን 4
ዝናብ፦ የለም።
ንግግሩን አሳጠርኩት። ግማሽ ገጽ ነው። እንደገና አሳጠርኩት።

ጁን 8
ዝናብ፦ የለም።
ሎይስ ታች እየጠበቀችኝ ነው። ሰማያዊው ልብስ። ንግግሩ ቦርሳ ውስጥ። መነጽር። ስኮን ሁለት ሳህን። «እማዬ፣ ነይ!» እየመጣሁ ነው።

ጁን 9፣ እሑድ

አዳራሹ ሞልቶ ሰው ውጭ ቆሞ ነበር። ካላንደሮቹን ጃኒን በረጃጅም ጠረጴዛዎች ላይ ዘርግታቸዋለች። ሰው ሁሉ የራሱን ቀን ይፈልጋል። «እኔ የተወለድኩበት! ነጎድጓድ ነበር ይላል!» «አባቴ እግሩን የሰበረበት!» «ተመልከቺ፣ ጥጃችን የጠፋችበት ቀን እንኳ አለ!» ጃኒን የራሷን አገኘች፤ ስሟ ተሳስቷል፤ ማንም እንዲያርመው አልፈቀደችም።

ስጠራ ወጣሁ። ወረቀቱን ዘረጋሁና አላየሁትም።

እንዲህ አልኩ፦ «በሣጥኑ ውስጥ ያለው ጽሑፍ የእኔ ነው። ይህን ታውቁ ኖሯል። ክሌም የጻፈው ጠረጴዛዎቹ ላይ የተዘረጋው ነው። እኔ ይህን አላውቅም ነበር፤ እናንተ ታውቁ ኖሯል። በሣጥኑ ውስጥ ተከፍቶ ያለው ስብሰባ አልተደረገም። ክሌም በዚያች ማታ ምን ይዞ ቤት እንደሚገባ ስላጣ ይህንን ይዞልኝ ገባ። በቀጣዩ ወር አሥራ አንድ ሰዎች ትክክል ነው ብለው እጃቸውን አወጡ። ከአሥራ አንዱ ዛሬ በሕይወት ያሉት ሁለት ናቸው። በዚያ ቀን ድምፅ እንድሰጥ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ዛሬ እሰጣለሁ።»

እጄን አወጣሁ። እንደ ተማሪ፤ ክርኔን ቀጥ አድርጌ።

ከፊት ወንበር ኔቭ እጁን አወጣ። ከዚያ ሌላው ሽማግሌ። ከዚያ የማያውቁትም፤ ዶክተሯም፤ ሎይስም። ጃኒን ሊቀ መንበር እንደመሆኗ ቆማ ድምፅ ቆጠረች፤ መቁጠር አልቻለችም፤ «ጸድቋል» አለችና ተቀመጠች።

ሁለት ደቂቃ አልሞላም።

በሻዩ ሰዓት አንዲት ወጣት አስተማሪ፣ በዚህ ዓመት የመጣች፣ ከካላንደሮቹ ላይ ቀና ብላ በትሕትና ጠየቀችኝ፦ «ወይዘሮ ኖስኬ፣ ይህ ‹ዬለም› ስህተት ነው አይደል? ሁሉም ቦታ ላይ እንዲህ ነው።»

«አይቼዋለሁ» አልኳት።

ካላንደሮቹ አዳራሹ ውስጥ ቀሩ። የዚህን ዓመቱን ብቻ ቤት ይዤ መጣሁ። ከፌብሩዋሪ መጨረሻ ወዲህ ባዶ ነው። ወጥ ቤቱ በር ላይ፣ ከፊት በኩል፣ በምስማር ሰቀልኩት።

ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ አጥሩ ድረስ ሄድኩ። ሰማዩ ንጹሕ ነው። የመለኪያውን ብርጭቆ አውጥቼ ወደ ብርሃን አዞርኩት፤ ደፋሁት፤ ምንም አልፈሰሰም። ተመልሼ በመሥሪያ ቤቱ መዝገብ ላይ እንደሚገባው ጻፍኩ። ከዚያ ካላንደሩ ፊት ቆምኩ። ቀዩ ኪሴ ውስጥ ነበር፤ የጻፍኩት ግን በተራው እርሳስ ነው።

ዝናብ፦ ዬለም።